ሩብ ኪኒን

አባቷ በሌለ መርፌ የሌለ ክር ሊያስገባ ይታገል ነበር።

ሸዋወርቅ ከትምህርት ቤት ገብታ ደብተሮቿን ጣል ስታደርግ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ልብስ ሰፊው ገሠሠ ከስፌት መኪናው ፊት ቁጭ ብሎ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ አየር ላይ ያነጣጥራል። የክሩን ጫፍ ሊያረጥብ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ግን ምራቅ የለውም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አባዬ፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ፋሽን ነው?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። የዓይኑ ጥቁር ሰፍቶ ቡናማውን ሁሉ ውጦታል። «ሰብስቤ» አላት፣ «እጅጌው አጥሮብሃል። ና እስቲ ልለካህ።»

ሰብስቤ ታላቅ ወንድሟ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ደግሞ ስምንት ወር ሆኖታል።

እጁን ያዘችው። ፍም እንደ ሞላው ካውያ ይፋጃል። የመጋቢት የናዝሬት ሙቀት ግድግዳውን ሳይቀር የሚያልበው ይመስላል፤ የአባቷ ግንባር ላይ ግን አንዲት ጠብታ ላብ የለም። ያኔ ነው ቀልድ አለመሆኑ የገባት። እናቷ ጥሩነሽ ከመቂ የሚመጣ ቲማቲም ስለምትሸጥ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበረች። ሸዋወርቅ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ኡሙሰልማ ሱቅ ሮጠች። እሳቸውም ሱቃቸውን እንደተከፈተ ትተው ጋሪ አስቆሙ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ አባቷ የጋሪውን ፈረስ «ክንድህን አጠፍ አድርግ» እያለ ይለካው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ሸዋወርቅ ይህን ለክፍሏ ልጆች ለአንድ ሳምንት ትተርከው ነበር።

ሦስት ቀን እንዲህ ቆየ። ሽንት እምቢ ብሎት በቱቦ አወጡለት። ልቡ ያለ ማቋረጥ ይሮጣል፤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር አለ፤ ብርድ ልብሱን እየለቃቀመ አየሩን ይሰፋል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሽ ሐዲስ የሚውጠውን ኪኒን አስቆሙ፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ሌላውን ለአምላክ ሰጡት። እሑድ ጠዋት ግንባሩ አላበው። ውሃ ለመነና ልጁን በገዛ ስሟ ጠራት።

ሰፈሩ ምክንያት አላጣም። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው ኪኒኑ ጊዜው ያለፈበት ነው አለ። እትዬ ኡሙሰልማ ሙቀት አናቱን መትቶት ነው ብለው በየቀኑ እርጥብ ጨርቅ ይልኩ ነበር። ምክንያት ያልሰጠችው ሸዋወርቅ ብቻ ናት፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባው ሸዋወርቅ፣ መምህሩን እንኳ «አቦ፣ እሱን ባለፈው ነግረውናል» ብላ ተንበርክካ የዋለችው ልጅ። እናቷ ዝምታዋን በድንጋጤ ቆጠረችላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ እንደ ወታደር ልብስ ያለ ካኪ ጨርቅ ይዞ መጣ። ገሠሠ ጨርቁን መኪናው ላይ ዘረጋ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገና እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ይውላል። አይበላም፣ አይቆጣም፣ ሰው ሲጠራው ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ዘግይቶ ነው ዞር የሚለው። ዘመድ ገፋፍቶት አዲስ አበባ ሲታይ የድብርት በሽታ ነው ተባለና በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ይዞ ተመለሰ። አንድ አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እናቷ መሠረተ ትምህርት ተምራ ምስክር ወረቀት ብታገኝም የሐኪም ጽሑፍ አይገባኝም አለች። ስለዚህ ኪኒን የማቀበሉ ሥልጣን ለሸዋወርቅ ደረሳት፤ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሷን ዶክተር ሸዋወርቅ ብላ ሾመች። በአምስተኛው ሳምንት አባቷ ቁልፍ እየተከለ ሲያፏጭ ሰማችው። እናቷ በር ላይ ቆማ አለቀሰች።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ገሠሠ ዘንድሮ የሚጾመው ሰብስቤ እንዲመለስለት ተስሎ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምስም። የንስሐ አባቱ በሽተኛ ስለሆንክ ብላ ብለውት እምቢ አለ። እሱ ቁርስ ሲበላ ልጁ የት እንዳደረ አያውቅም፤ ታዲያ እንዴት ይወርድለታል? የጠዋቱና የቀትሩ ኪኒን ግን መድረሻ አጣ። ሸዋወርቅ መላ አላጣችም።

«ሦስት ያው ሦስት ነው አባዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ላይ ዋጠው። ሆድህ እንደሆነ ሰዓት አላሰረ።»

ሳቀና ዋጠ። ይህ ሰኞ ነው። ማክሰኞም ዋጠ፣ ረቡዕም። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ የሌለ መርፌ ያዘ።

ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከአባቷ አእምሮ ያ ሳምንት ተቆርጦ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ወድቋል። ጋሽ ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን ወረቀት ሲጽፉ ኪኒኑን እንዴት ይወስድ እንደነበር ጠየቋት። «አንድ አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» አለች፣ የተጻፈውን እንደሚያነብ ሰው። ጋሽ ሐዲስ ጻፉት፣ ማኅተም መቱበት። ውሸቷ ማኅተም ሲመታበት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባቷ ቤት ገባ፤ ግን ያው ሰውዬ አልሆነም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቅርብ ያለው ነገር ይደበዝዝበታል። ሸዋወርቅ ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ ላይ ክር እያስገባች ትራስ ላይ ትሰካለታለች፤ እሱ ግን ሁለቱን ተጠቅሞ ይተወዋል። ቀስ በቀስ ወደዚያ ወደ ሩቅ አገሩ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች፣ ለእናቷ ሲነግራት ሰማችው።

«ጥሩዬ፣ መድኃኒት ሰውን እንዲህ አያደርግም። እኔ ውስጥ የነበረ ነገር ነው የወጣው። አብጃለሁ፣ አትደብቁኝ።»

እናቷ ምን እንደመለሰች አልተሰማትም። ወደ ቤት ስትገባ ግን ትልቁ መቀስ ከቦታው የለም። አባቷ በጨርቅ ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀምጦታል። እንደዚያ ሆኖ ሳለ መቀሱ እጁ ገብቶ ቢሆንስ፣ አጠገቡ የነበረችው ሸዋዬ ነበረች አለ። ልብስ ሰፊ መቀሱን ሲፈራ አየች። ያን ማታ እራቷን አልበላችም፤ እናቷ ልጅቷ በመጨረሻ መጾም ጀመረች እንዴ አለች። ሸዋወርቅ በጾም ነገር በሰፈሩ የታወቀች ናት። እስከ ስድስት ሰዓት ጹሚ ከተባለች አራት ሰዓት ላይ ኪሷ ውስጥ ዳቦ ይገኝባታል።

ቀጠሮው ሲደርስ ቲማቲሙ ስለማይጠብቅ እናቷ ቀረች፣ አዲስ አበባ ይዛው የሄደችው ሸዋወርቅ ነች። መንገዱን ሁሉ የጋሽ ሐዲስ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ነበር። ብትናገር ምን ይመጣል ብላ አሰበች። አባቷን ለሞት ያደረሰች ልጅ ትባላለች። ባትናገርስ? እሱ ራሱን እብድ ብሎ ይኖራል። ሁለቱንም ስትመዝን ሞጆ አለፈ፣ ደብረ ዘይት አለፈ፣ ምንም አልቆረጠችም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ገና ከውጭ አገር የመጣ። ወረቀቱን ቀስ ብሎ አነበበና «አንድ አንድ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። በትክክል እንደዚህ ነበር የሚወስዱት?» አለ።

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «ልጄ ናት የምታውቀው። እኔ ያ ሳምንት የለኝም።»

«የተጻፈው ውሸት ነው» አለች ሸዋወርቅ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ጾም ስለሆነ ሦስቱንም አንድ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር የምሰጠው። እኔ ነኝ ያልኩት። ለጋሽ ሐዲስም የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ወለሉን እያየች ቁጣውን ጠበቀች። ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቃት፣ ውሃ ይጠጣ እንደነበር ጠየቃት፣ ቤታቸው ምን ያህል እንደሚሞቅ ሳይቀር ጠየቃት። ሁሉንም መለሰችለት።

«ሦስቱን አንድ ላይ የሚውጡ በሽተኞች አሉኝ፤ ምንም አልሆኑም» አለ በመጨረሻ። «ውሃ አለመጠጣቱና ሙቀቱ አግዞት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በትክክል ብትሰጪያቸውም ይሄው ይደርስ ይሆናል። ለምን እሳቸውን እንደዚህ እንዳደረጋቸው አላውቅም።»

ነጭ ጋውን ለብሶ አላውቅም የሚል ሰው አይታ አታውቅም። ተናደደችበት። ወይ አንቺ ነሽ እንዲላት፣ ወይ አይደለሽም እንዲላት ነበር የፈለገችው።

ዶክተሩ ወደ አባቷ ዞረ። «በአንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፣ አቶ ገሠሠ። ያን ሁሉ ያደረገው ኪኒኑ ነው። አላበዱም።»

አባቷ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ትንሽ አየውና መልሶ አጠለቀው።

ያኛውን ኪኒን ሁለተኛ እንዳይነካ አዘዘው። ሌላ ዓይነት አለ፤ ከፈለገ ከሩብ ይጀመራል፣ በጠዋት፣ እህል ቀምሶ፣ ብዙ ውሃ ጠጥቶ። ጋሽ ሐዲስ በየቀኑ ያዩታል፤ አፉ ቢደርቅ ወይም የዓይኑ ጥቁር ቢሰፋ ያን ሰዓት ይቆማል። ካልፈለገም ያለ ኪኒን በየወሩ እየመጣ ይታያል። ምርጫው የእሱ ነው አለ።

አውቶብሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደብረ ዘይትን እስኪያልፉ አባቷ በመስኮት ያይ ነበር።

«ሒሳብ ስንት አመጣሽ?»

«ሰማንያ ሁለት።»

«መምህሩ አዝኖልሽ ነው» አለ። አልሳቀም፣ ግን የጉንጩ ጫፍ ተነቃነቀ። ቆይቶ፣ «የዋጥኩት እኔ ነኝ፣ ሸዋዬ። አፌን ፈልቅቀሽ አልከተትሽውም። ብቻ የዚያን ወረቀት ነገር ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ…» አለና ተወው። ያልጨረሰው ዓረፍተ ነገር ከጨረሰው በላይ አመማት።

ሞጆ ሲደርሱ ደግሞ ጠየቃት። «አንቺ ብትሆኚ ትውጪዋለሽ?»

ሸዋወርቅ መልስ የማታጣ ልጅ ናት። «አላውቅም አባዬ» አለች።

በዚያ ሳምንት ፈረቃዋ ወደ ከሰዓት ስለዞረ በማግስቱ ጠዋቱን ቤት ነበረች። እናቷ ወደ ገበያ ሄዳለች። አባቷ አዲሱን ኪኒን የመኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ጨርቅ እንደሚያሰምር በጠመኔ ዙሪያውን ምልክት አደረገና በምላጭ ለአራት ከፈለው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ተወ፤ በአራተኛው ተሳካ። ሩቧ ከምስር ታንሳለች። ሸዋወርቅ ዳቦና አንድ ጣሳ ውሃ አጠገቡ አደረገች።

ዳቦውን አየው፣ አልነካውም። ኪኒኗን የፈራ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ ዳቦው ላይ ነው።

«ጾሙ አልወጣም፤ ይሄን ከበላሁ ስለቴ ፈረሰ» አለ ቀስ ብሎ። «ለሰብስቤ ያለኝ ይቺ ጾም ብቻ ናት።»

መቀሱ አሁንም ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው። ውጭ ጋሪ አለፈ። ሸዋወርቅ ከኪሷ አንድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ለአራት ሰዓት የያዘችው ቁራሽ ዳቦ ነበር። ከእሱ ዳቦ ጋር ደረበችው።

«የሰብስቤን ጾም እኔ እይዛለሁ» አለች። «እስከ ዘጠኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

አባቷ ብዙ አያት። ዳቦውን ቆረሰ፣ አላመጠ፣ ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሩቧን አነሳ።

ሸዋወርቅ ደብተሯን የመጨረሻው ገጽ ላይ ገልጣ፣ በማስመሪያ መስመር አሰመረችና ሰዓቱን ጻፈች፤ ሁለት ከሩብ። የዓይኑን ጥቁር አይታ እሱንም ጻፈች። ከዚያ በርጩማዋን ስባ ከፊቱ ተቀመጠችና የመጀመሪያዋን መርፌ ክር ማስገባት ጀመረች። ሆዷ ከአሁኑ ይጮሃል። ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ ነው።