ደሴት ያሳነሳት እናት

እልፍነሽ በሙዚየሙ ምድር ቤት አጥንት ማጽዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ነጭ ጋዋኗን ትለብሳለች፣ አምፖሏን አብርታ በለስላሳ ብሩሽ አቧራ ትጠርጋለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ሰሞኑን ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋችው ለዐውደ ርእይ ከሩቅ ደሴት በውሰት የመጣች ድንክ ማሞዝ ነበረች፤ ጸጉራም የጥንት ዝሆን፣ ቁመቷ ግን ከጥጃ የማይበልጥ።

"ምስኪን፣ በልጅነቷ ተቀጠፈች" ስትል አጥንቶቹን የሚያጠናው ዶክተር ሳቀባት።

"ልጅ አይደለችም እልፍነሽ። እናት ናት፣ ያውም አሮጊት። ደሴት ላይ መኖው ሲያንስ ዝሆኑም በዘመን ብዛት አብሮ ያንሳል።"

"ልጇስ?"

"አልተገኘም።"

በዚያው ሳምንት እልፍነሽ የራሷን ልጅ አጥንት በሳጥን ተረከበች። ምንተስኖት በስድስት ዓመቱ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ የመቃብር ቦታው ሞልቶ ቤተሰብ ሁሉ አጽም እንዲያነሣ ታዝዞ ነበር። አዲሱ የመቃብር ቦታ የሚዘጋጀው ለእሑድ ነው። ሳጥኑን ቤት ወስዳ ባዶ አልጋው አጠገብ ለማስቀመጥ አንጀቷ አልቻለም። አጥንት ከአጥንት ጋር ቢሰነብት ምን ይላል ብላ ምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ረቡዕ ጠዋት ሳጥኑ ወለሉ ላይ፣ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ነበር። ጥበቃውን ጋሽ ሽብሩን ጠየቀችው።

"ኧረ በማርያም! ቁልፉ እኮ አንቺው ጋ ነው የሚያድረው" አላት።

ሳጥኑን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ሐሙስ ዕለት በሩን ስትከፍት ዝናብ የመታው ሣርና የእርጥብ ጸጉር ሽታ ተቀበላት፤ ሳጥኑም ከማሞዟ የጎድን አጥንቶች ሥር ተወሽቆ፣ አንድ ነገር ሲተነፍስበት የቆየ ይመስል ክዳኑ ወርዝቶ አገኘችው። እልፍነሽ አልፈራችም። ቀናች። አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፣ ከዚያም መደርደሪያው ላይ በገመድ ጠፍራ አሰረችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልትወስደው ወረደች። ገመዱ እንደታሰረ ነው፤ ሳጥኑ ግን ባዶ ነበር። የምንተስኖት አጥንቶች ከማሞዟ ሆድ ሥር፣ ጥጃ በሚቆምበት ቦታ፣ አንዱም ሳይዛነፍ ተደርድረዋል፤ እሷ ራሷ እንኳ እንዲያ አሳምራ አትደረድርም። መሰብሰብ ጀመረች። አምፖሏ ደከም አለች። ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ወፍራም ድምፅ ከጠረጴዛው ተነሣ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ካለው ጨለማም የልጅ ኮቴ መለሰ።

"እማዬ!"

ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺን ድምፅ ስትለምን ኖራለች።

"አቤት የኔ ጌታ! አቤት ልጄ!" ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋች። እንባዋ ዓይኗን ጋረደው። ትንሿ ኮቴ እየሮጠች መጣች፣ አጠገቧ ደረሰች፣ አልፋትም ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

"እማዬ" አለ ልጁ ከወዲያ ሆኖ፣ በሹክሹክታ፣ "ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?"