በጨርቅ ላይ የተደፋ ብልቃጥ

አባትየው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተዋል። ከንፈራቸው አብጧል፤ ሳህናቸው ላይ ግማሽ ዓሣና ጥቂት ድንች ቀርቷል። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ሳህኑን ጎንበስ ብላ አየችው።

እራቱን የሠራችው ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ወለሉ ላይ ኩርምት ብላለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ማግባቷን እያዘገየች አባቷን ስትጦር ኖራለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ሽሪምፕ ሲቀምስ ጉሮሮው በአለርጂ እንደሚዘጋ እያወቅሁ ከዓሣው ጋር አንድ ትሪ ላይ ጠበስኩት።»

«እስቲ አሠራሩን ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ድንቹን ቀድሜ ኦቨን ከተትኩ። ዓሣውን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ ቃሪያ ዱቄት አሽቼ ደረብኩበት። ሲበስል የአባዬን ድርሻ አወጣሁ፤ ሽሪምፑን የጨመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን ነክቶበት ይሆናላ! ሌላ ምን ይሆናል?»

ዓሣ ሻጩ እጮኛዋ ላቡን ጠረገ። «ሽሪምፑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለብቻው ጠቅልዬ። የሳቸውን ሳህን ስታወጣ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።»

«ሽማግሌው ይወዱህ ነበር?»

«ዓይንህን ላፈር ነው የሚሉኝ። ዛሬ ልጅዎን ይስጡኝ ብዬ ልለምናቸው ነበር የመጣሁት።»

መርማሪዋ ወደ ኩሽና ገባች። የቆሸሸው ዕቃ እንደመጣ ተቆልሏል። የዘይቱም የጨውም ዕቃ የቅባት ጣት አርፎበታል። መስኮቱ ሥር ግን በአራት በታጠፈ ጨርቅ ላይ «ቃሪያ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት ብልቃጥ ታጥባ ተደፍታለች።

ባር ቤት መጠጥ የሚቀዳው ወንድምየው ለእህቱ ሳሎን ካለው ጆግ ውሃ አጠጥቶ ብርጭቆውን ይዞ መጣ።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ሳሎን፣ ከአባዬ ጋር። እስካሁን ኩሽና ድርሽ አላልኩም።»

እያወራ ብርጭቆውን አለቀለቀ፤ ወደ መብራቱ አቅንቶ አየው፤ ጨርቅ በአራት አጥፎ ላዩ ላይ ደፋው። እጁ የለመደውን መሥራቱን ራሱም ልብ አላለም።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሽሪምፑ ከትሪው አልመጣም፤ ድርሻቸው ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ የገባው ዓሣው ሲታሽ ነው። የማሻው ቅመም ከነበረባቸው ዕቃዎች አንዱ ብቻ ታጥቧል፤ የቃሪያው ብልቃጥ። አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ግማሽ ድረስ ዱቄት ነበረው።»

«የሽሪምፕ ቅርፊት ደርቆ ሲፈጭ ከቃሪያ ጋር ማን ይለየዋል? ሁላችሁም በላችሁት፤ የሚገድለው ግን እሳቸውን ብቻ ነው። የተረፈውን ላብራቶሪ ያየዋል። ያጠበውን ግን እኔም አውቀዋለሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እዚህ ቤት ዕቃ ይቆለላል እንጂ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አይደፋም። ቅድም ብርጭቆውን ስትደፋ አየሁህ። ድርሽ ካላልክ ብልቃጧን ማን ደፋት?»

«አምቡላንስ ልጥራ ብለህ በኩሽና በኩል ስትወጣ...» አለች እህቱ።

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «አባዬ አይለቅሽም ነበር። ዛሬም እምቢ ሊልሽ ነበር። ዕድሜሽን በላው እኮ!»

እህቱ እየተንፏቀቀች መጥታ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊው። ትሪው ላይ ነክቶበት ነው በይ። አባዬ ሄደ፤ እሱንም ከወሰድሽው ማን ይቀረኛል?»

መርማሪዋ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ካቴናውን አወጣች።

«እሱ አለሽ» አለ ወንድሟ፣ እጁን እየዘረጋ በዓይኑ እጮኛዋን ሲፈልግ።

ዓሣ ሻጩ ጃኬቱን ለብሶ በሩን ከፍቶ እየወጣ ነበር።