ምድር ቤት የቆመው ሰዓት

የሥነ ምድር መምህሩ ዶክተር ኦሬን ፔቲዌይ በኮሌጁ ምድር ቤት፣ የድንጋይ ናሙና በተደረደረበት ክፍል፣ በጀርባቸው ተጋድመው ተገኙ። እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣምረዋል። ጥግ ላይ ከቆሙት የካርቦን ጋዝ ሲሊንደሮች አንዱ አፉ ላልቶ ባዶውን ቀርቷል። የአየር ማራገቢያው ብቻ ያጉረመርማል።

መርማሪ ሌኖራ ቲልማን ተንበረከከች። በሰሜኖቹ ግዛቶች ተምራ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አላባማ የተመለሰች ናት፤ የሚነገራትን ሁሉ ትጠራጠራለች፣ የራሷን ትዝታ ጭምር። የሟቹን መዳፎች ገለበጠች። አብጠው ቆዳቸው ተልጧል።

«በሩን ደብድበዋል» አለች። ቀና ስትል ከፍ ብሎ የተሰቀለው ሰዓት አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ቆሟል። «እርስዎ ነዎት ያቆሙት፣ ሚስ ኦዴሳ?»

ሬሳውን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያገኙት የሟቹ ጸሐፊ ሚስ ኦዴሳ ናቸው። «ሰው ሲሞት ሰዓቱ ካልቆመ ነፍሱ እዚያው ስትዞር ትኖራለች። ላቆመው ቀና ብል ቀድሞኝ ቆሟል። ማን እንደ ሆነ አላውቅም ልጄ፤ ግን ደግ አድርጎላቸዋል።»

«ባትሪው አልቆ ነዋ!» አለ የኮሌጁ ዲን ኤልዊን ትሩዊት ከደረጃው ላይ። «ኖራ፣ አንቺም የገጠር ተረት ጀመርሽ? እኔ የቺካጎ ልጅ ነኝ፤ አልሰማም።» ኖራ የሚላት የልጅነት ጓደኛ ብቻ ነው።

ባትሪው ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሌኖራ በእጅ መብራቷ ውስጥ ከተተችው። ቦግ አለ።

በሟቹ ኪስ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘች፦ «መንግሥት በሰጠን ገንዘብ ከመሬት በታች የቀበርነው የካርቦን ጋዝ ወደ መንደሩ ውሃ እየወጣ ነው። ድጋፉ አይታደስልን።»

«ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት እልከዋለሁ ሲሉ ነበር» አለ ከዴንቨር የመጣው የጋዝ ኩባንያው መሐንዲስ፣ ሄስ። «ከዚያ ካለፈ መንግሥት እድሳቱን ያጸድቃል።»

«ካልጸደቀ በግንቦት እንዘጋለን» አለ ኤልዊን። «ከባርነት የወጡ ሰዎች ጡብ በጡብ የሠሩት ኮሌጅ!»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ በር ከውጭ ብቻ ይቆለፋል፤ እዚህ ስልክም አይሠራም። የቆለፈው ሰው ደብዳቤው እንዳይላክ እንጂ ሞታቸውን አልፈለገም፤ ያፈናቸው ጋዙ ነው። ተመልሶ ከፍቷል፣ ማራገቢያውን አብርቷል፣ እጃቸውን አጣምሯል፣ ሰዓቱን አቁሟል።»

«እኔ ከሰዓት ጋር ምን አገናኘኝ?» አለ ሄስ።

«ምንም። ልማዱን አያውቁትም፤ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ሰዓቱ እስካሁን ይሄድ ነበር። ሚስ ኦዴሳ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየተለማመዱ ነበር። ዜማ ሲስቱ ሠላሳ ሰው ሰምቷቸዋል።»

«አልሳትኩም!» አሉ ሚስ ኦዴሳ።

«የቺካጎ ልጅ ነኝ አልኩሽ እኮ» አለ ኤልዊን።

«በየክረምቱ እናትህ እዚህ አያትህ እማማ ሉቬኒያ ዘንድ ትልክህ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ሰዓታቸውን ያቆምከው አንተ ነህ። ወንበሩን የያዝኩልህ እኔ።»

ኤልዊን ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነው። ሲሊንደሩ ጋዝ ማፍሰሱን አላወቅሁም። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ኖራ።» ወደ በሩ ዞረ። «ከላይ ቢሮዬ ሆኜ ሲደበድቡ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አሉ፤ ተናደው ተቀመጡ ብዬ ደስ አለኝ። አሁንም ይደበድባሉ። አትሰሚም?»

ሄስ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«እኔን ውሰጂኝ» አለ ኤልዊን። «ደብዳቤውን ግን ተይው፤ ከወጣ ዛሬም ድጋፉን ይሰርዙታል። አራት መቶ ተማሪ አለ ፎቅ ላይ።»

ሌኖራ ወረቀቱን እንደያዘች ቆመች። አባቷም የተማሩት እዚህ ነበር።

ሚስ ኦዴሳ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በይው።»

«ሥራዎን ያጣሉ እኮ።»

«አውቃለሁ። አርባ ዓመት ደብዳቤያቸውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ይህን ሌላ ሰው ተይቦ አይልከውም።»

ወረቀቱን ተቀብለው አንዴ አነበቡት፤ ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ።