ፊንላ የነፈገው ቃል

የአሮጌው ዓሣ አጥማጅ የፊንላ ሬሳ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ወድቋል፤ ጀልባው ግን ራቅ ብሎ ደረቅ አሸዋ ላይ ተጎትቶ ቆሟል። ሳጅን ኦይሪክ ጀልባውን ትክ ብላ አየችው። የሰጠመ ሰው ጀልባውን ጎትቶ አያወጣም።

ደሴቲቱ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው የሟቹ ወንድም ልጅ በሆነው በላኽላን ላይ ነው። «ጀልባውን ሽጠው» እያለ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። ነገ በጠዋቱ መርከብ ታስሮ ሊሄድ ነው፤ የሚጮህለት ሌላ ዘመድ የለውም።

ኦይሪክ መጀመሪያ ከከተማ የመጣውን የቃላት ሊቅ፣ ዶክተር ኢወንን ጠየቀችው።

«ዶክተር፣ ምን እግር ጣለዎት?»

«አንድ ቃል። ዓሣ አጥማጆች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ባሕር ላይ የሚጠሩበት ስም ነው፤ ከጥንት የኖርዌይ መርከበኞች የወረሱት። ተጽፎ የሚገኘው አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። ከፊደሎቹ ግማሾቹ ድምፅ ስለሌላቸው አጠራሩ ከጽሑፉ አይታወቅም፤ መጨረሻው ከጉሮሮ ይወጣል» አለና ቃሉን ጥርት አድርጎ አሰማት።

ቀጥላ ጎረቤቲቱ ፔጊ ዘንድ ሄደች።

«አክስቴ፣ ዶክተሩ ፊንላ የሚጠቀምበትን የሳልሞን ስም አጠራር ያውቀዋል?»

«ምኑን አውቆት! ትናንት ምሳ ላይ ‹አጠራሩን የሚነግረኝ አጣሁ› እያለ ሲያለቃቅስብኝ አልነበር?»

«እርስዎስ ከፊንላ ሰምተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ሚስቱም ሳትሰማው ሞተች! የባሕር ስም የብስ ላይ አይነሳም ባይ ነበር። ቃሉን የሚያውቁ ጓደኞቹ ሁሉ አልቀውበት፣ ብቻውን ለማዕበል ሲያወራ ከረመ፤ የኔ ምስኪን።»

ሲመሽ ሁሉም በሟቹ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ።

«ጀልባውን የመለሰ ሁለተኛ ሰው ነበር» አለች ኦይሪክ። «ዶክተር፣ ትናንት ምሳ ላይ ቃሉን መጥራት አይችሉም ነበር። ዛሬ ቻሉ። ፊንላ ደግሞ ባሕር ላይ ካልሆነ ከአፉ አያወጣውም። ስለዚህ አብረውት ጀልባው ውስጥ ነበሩ።»

ዶክተሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«የድምፅ መቅረጫዬን አይቶ ‹ይሄ የብስ ላይ ይለፈልፋል!› ብሎ ሊወረውረው ቀማኝ። ገፋሁት። ሲወድቅ... መቅዘፊያውን አልዘረጋሁለትም።»

«ለአንድ ቃል?» አለ ላኽላን። «አጎቴ እኮ... በየፀደዩ ‹ባሕር ላይ ና፣ ላስተምርህ› ብሎ ለምኖኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ላኽላን ጠዋት ነፃ ሆኖ፣ የሬሳ ሣጥን ሊያመጣ በዚያው መርከብ ተሳፈረ። ደሴቲቱ ከዓይን ስትርቅ ሄዶ ከእስረኛው አጠገብ ተቀመጠ።

«አሁን ባሕር ላይ ነን። ንገረኝ።»

ዶክተሩ እያለቀሰ ነገረው። ላኽላን ደገመው፤ ተሳሳተ፤ እንደገና ደገመው። ከአጎቱ ገዳይ በቀር የሚያርመው ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።