ጨዉን የሚቀምስ የጠፋ ዕለት

ስንዱ በላቸው ሚሎሽን መጀመሪያ ያየችው የሰው ቲማቲም ላይ ተቀምጦ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በ1974 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርደው የጠዋት አውቶቡስ እንደ ልማዷ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞልታለች። ሾፌሩ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ የነበረ ረጅም ፈረንጅ ሚዛኑን ስቶ ከኋላው በነበረ ቅርጫት ላይ ዘፍ አለ። ቅርጫቱ ከደሴ ዙሪያ የመጣች የአንዲት ገበሬ ነው፤ ውስጡም ቲማቲም ነው። ሰውየው ከፈረጠው ቲማቲም ይበልጥ ቀልቶ ተነሣና፣ በአማርኛ የሚያውቃት ቃል አንዲት ብቻ ስለነበረች እሷኑ ደጋገማት።

«አመሰግናለሁ! አመሰግናለሁ!»

«እዩልኝ እንግዲህ!» አለች ባለቲማቲሟ፤ «አፍርጦልኝ ሲያበቃ ያመሰግነኛል!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ስንዱም ስቃለች፤ ግን አሳዘናትና በእንግሊዝኛ እያስረዳች «ይቅርታ» የሚለውን የአማርኛ ቃል አስጠናችው። እሱም ቃሏን እንደ ታዛዥ ተማሪ ደገማት፤ ከዚያ የፈረጠውንም ያልፈረጠውንም ቲማቲም በሙሉ ገዝቶ ግማሹን ለስንዱ አሸከማት።

ለካ መድረሻቸውም አንድ ነው። ስንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ኮምቦልቻ ላይ በሚሠራ አዲስ ፋብሪካ አስተርጓሚ ሆና ከተቀጠረች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። ሚሎሽ ደግሞ ማሽን ሊተክል ከዩጎዝላቪያ የመጣ መካኒክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሷ ለሠራተኛው በአማርኛ ትመልሳለች። ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ ይውሉና፣ ማታ አውቶቡስ እስክትመጣ ድረስ አጥሩ ሥር ቆመው ሁለቱም ቃል ያጥራቸዋል። ያ ዝምታ ደስ ይላት ነበር። አውቶቡሷ በዘገየች ቁጥር ሾፌሩን በልቧ ትመርቀዋለች።

ኅዳር ላይ ሚሎሽ ያን ዝምታ ሰበረው።

«ውሌ የካቲት ላይ ያልቃል» አላት። «ማራዘም እችላለሁ። እናትሽ እሺ ካሉ አራዝመዋለሁ። እምቢ ካሉ ግን አንቺን በየቀኑ እያየሁ እንደ ባዕድ መኖር አልችልም። እሄዳለሁ።»

ስንዱ ነገሩን ለእናቷ ለወይዘሮ አባይነሽ ለመናገር ሳምንት ሙሉ ድፍረት ስታጠራቅም ከረመች። ባሏ የሞተባት ይህች ሴት፣ በደሴው ሰኞ ገበያ ሰፈር በጸሎቷም በኃይለ ቃሏም የታወቀች ናት።

«ፈረንጅ ስለሆነ አይደለም» አለች ሰምታ ስትጨርስ። «እሱንም የፈጠረ ፈጥሮታል። ግን ጾም የማያውቅ ሰው አማቼ አይሆንም። ደግሞ በሽተኛ ነው አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ብሩ ነዋ!»

አቶ ብሩ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነው፤ የሚሠራውም በውጭ አገር ሠራተኞቹ ካምፕ ወጥ ቤት ነው። እሱ እንዳወራው ከሆነ ሚሎሽ ጨጓራውን ክፉኛ ታሟል። ሥጋ ሲያቀርቡለት ይመልሳል፣ እንቁላል ይመልሳል፣ ወተት እንኳ አይነካም፤ በምስርና በጎመን ብቻ ነው ነፍሱን ያቆየው። ስንዱ ነገሩ ቢያስጨንቃትም፣ የሚወዱትን ወንድ ስለ ሆዱ መጠየቅ አሳፈራት። አለመጠየቋ ኋላ ጉድ አመጣ።

ታኅሣሥ ገባ። የፈረንጆች ገና በታኅሣሥ አሥራ ስድስት እንደሚውል ስንዱ ትምህርት ቤት ተምራለች። ሌሎቹ የውጭ ሠራተኞች ለበዓል አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲዘጋጁ፣ ሚሎሽ ግን ካምፑ ውስጥ ሊቀር መሆኑን ሰማችና ለእናቷ እንደ ዋዛ ጣል አደረገችላት።

ወይዘሮ አባይነሽ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠች።

«ገናን ብቻውን? ያለ እናት፣ ያለ ዘመድ?»

«ብቻውን።»

«አባትሽ አሰብ ወደብ ሲሠራ ገናን ብቻውን ሊውል ነበር» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሣ። «አንድ የመኒ፣ እስላም ሰው፣ ‹የበዓልህ ቀን ነው› ብሎ ቤቱ ወስዶ ዓሣ አበላው። ስሙን አላውቀውም። ግን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስበዋለሁ። በይ ጥሪው።» ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ለምሳ ነው ታዲያ! ለሌላ ነገር አይደለም!»

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው የእናቷ የልብ ወዳጅ ረሂማ ናት፤ አውራ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ።

«የነቢዩ ኢሳ ልደት አይደል? እንግዳሽ እንግዳየ ነው። እንካችሁ!»

እንግዳው ክርስቲያን ስለሆነ ዶሮው በክርስቲያን እጅ መታረድ አለበት፤ አቶ ብሩ ቢላውን ስሎ መጣ። ወይዘሮ አባይነሽ የፈረንጆቹ ገና በዋለበት ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ብልቱን ጨምራ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ማንኪያውን ለረሂማ ዘረጋችላት።

«ጨዉን ቅመሽልኝ።»

«አስተግፊሩላህ! ብሩ ያረደውን? ራስሽ ቅመሽው እንጂ!»

«በጾሙ?»

ሁለቱም ዞረው ስንዱን አዩዋት።

«እኔስ አልጾምም እንዴ?» አለች ስንዱ።

«ያ ረቢ!» አለች ረሂማ። «ሦስት ሴት ወጥ ቤት ተሰብስበን ጨው የሚቀምስ ይጥፋ!»

«በእጄ ግምት ነው እንግዲህ» አለች ወይዘሮ አባይነሽ፤ አማትባ ጨዉን ጣል አደረገች።

ሚሎሽ ብርቱካን ይዞ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጣ። ስንዱ ለምሳ ብቻ ብላ ነው የጠራችው፤ ልታስደንቀው። በሩ ላይ እናቷ፣ ረሂማና አቶ ብሩ ተሰልፈው ተቀበሉት።

«እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰዎ!» አለች ወይዘሮ አባይነሽ።

ስንዱ እየሳቀች ተረጎመችለት። ግራ በመጋባት አያት። ወዲያው ግን ዓይኑ ወለሉ ላይ በተጎዘጎዘው ቄጠማ ላይ አረፈና እዚያው ቆሞ ቀረ።

«እናቴም ለገና ወለሉ ላይ ጭድ ትጎዘጉዛለች» አለ በዝግታ። ረሂማ ቃሉ ባይገባትም ዓይኑን አይታ በነጠላዋ ጫፍ የራሷን ዓይን ጠረገች።

እጁን አስታጠቡት። ለእሱ ብቻ የተሰናዳ ሞሰብ ቀረበለት፤ ቀዩ ወጥ ፈሰሰ፣ እንቁላሉም መሃል ላይ ተቀመጠ። ለቤቱ ሰው ሽሮና ጎመን በሌላ ትሪ ማዶ ተቀምጧል። ሁሉም እሱ እስኪጎርስ ይጠብቃል።

ሚሎሽ ወደ ስንዱ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ አንሾካሾከ።

«ስንዱ፣ የእኔ ገና ዛሬ አይደለም። እኛ ሰርቦችም ኦርቶዶክስ ነን። ገናችን ከእናንተው ጋር በአንድ ቀን ነው። አሁን ጾም ላይ ነኝ።»

ስንዱም አንሾካሾከች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእናቴ የገባሁት ቃል ነው። እኛ አገር ይህን በአደባባይ ያወራ ይሳቅበታል። እዚህም ካድሬዎቻችሁን ሳይ ዝም ማለቱ ይሻላል ብዬ ነው።» ወጡን ስትሠራ የተቃጠለውን የእናቷን ጣት፣ የረሂማን ፊት፣ አቶ ብሩን ተራ በተራ አየ። «አትንገሪያቸው። ይህን ሁሉ የደከሙት ለእኔ ነው። እበላለሁ። እናቴ እዚህ ብትኖር ‹ብላ› ነበር የምትለኝ።»

እንጀራውን ቆረሰ።

ዝም ብትል ይበላል፣ የሁሉም ልፋት ይከበራል፤ እናቷም «ያው፣ ጾም የማያውቅ ሰው» ብላ ነገሩን ትዘጋለች። ብትናገር የጎረቤት ዶሮና የእናቷ ድካም መና ይቀራል፤ ጥፋቱም የራሷ ነው፤ የእሱ ገና ዛሬ ነው ያለችው እሷ ናትና። ስንዱ ብዙ አላሰበችም። እጇን ሰድዳ፣ በእናቷ ፊት፣ የሚሎሽን አንጓ ያዘች።

«እማየ፣ ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

የወይዘሮ አባይነሽ ፊት ቀስ በቀስ ተለዋወጠ።

«ስንዱ» አለች። «ጾም አያውቅም ስላልኩ ይህን አስጠንተሽው ነው የመጣችሁት?»

ስንዱን እንባ ቀደማት። ሚሎሽ ንግግሩ ባይገባውም እንጀራውን መልሶ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። ውሉ የሚያልቅበት የካቲት ለስንዱ ያኔ በሩ ላይ የቆመ መሰላት።

እናቷ ግን ድንገት ወደ አቶ ብሩ ዞረች።

«ብሩ፣ ይህ ሰው ሥጋ እምቢ ያለህ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ኅዳር ውስጥ ነው፤ እኛ ጾም በገባን ሰሞን...» አቶ ብሩ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«እንቁላሉንስ?»

«እሱንም ያኔ።»

«ወተቱንስ?»

«እሱንም ያኔ፣ ወይዘሮ አባይነሽ።»

«አንተ ታዲያ ምን አልከኝ?»

«ጨጓራ ነው አልኩዎት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ረሂማ ናት። ጎኗን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ ይህን ጉድ ስሙልኝ! ክርስቲያኖቹ ጾም ናቸው፣ እኔ የብሩን ቢላ አልበላ፣ ባለበዓሉም ጾመኛ ሆኖ አረፈው! ዶሮየ ለማን ሞተ?»

ወይዘሮ አባይነሽ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገችና ድስቱን አንሥታ ለአቶ ብሩ አስያዘችው።

«ለአራሷ ሚስትህ ውሰድላት። በዚህ ሰፈር ካለን ክርስቲያኖች ጾም የማይመለከታት እሷ ብቻ ናት። ጨዉ ልክ ካልሆነ ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ማዶ የነበረውን የሽሮና የጎመን ትሪ ሳበችና ሚሎሽ ፊት አስቀመጠችው። ዶሮው ቢበላ ኖሮ እሱ ለብቻው፣ ክርስቲያኖቹ ለብቻቸው፣ ረሂማም ለብቻዋ ነበሩ። አሁን ሁሉም ዙሪያውን ተጠጋግተው ከአንድ ትሪ ቆረሱ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሚሎሽ ያጎረሰችው ረሂማ ናት፤ ሁለተኛውን ወይዘሮ አባይነሽ። እሱም ጉንጩ ተወጥሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቅ ነበር። ስንዱ እዚያው ተቀምጣ፣ ስሙ የማይታወቀውን የአሰቡን የመኒ በልቧ አመሰገነችው።

«ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ የለውም መቼም» አለች ረሂማ፣ ሰው ሁሉ ከጠገበ በኋላ፣ ነገር ሳታበዛ። «አብሽሪ፣ ባሌ ሙሄዲን አለ። ለገና ማግስት ሳይሆን ለገናው ዕለት እንመጣለን።»

«መምጣት ይችላሉ» አለች ወይዘሮ አባይነሽ። «መልሱን ያኔ ይሰሙታል።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለችም። ስንዱ ገና እስኪደርስ ድረስ የእናቷን ፊት ስታነብ ሰነበተች፤ የተጻፈበት ነገር አልነበረም።

የገና ዕለት ሚሎሽ የሙሄዲንን ጋቢ ለብሶ አብሯቸው አስቀደሰ። ቤት ሲመለሱ የጠዋት ፀሐይ ጦሳ ተራራ ላይ አርፋለች፤ ድስቱም ተጥዷል። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ስንዱ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ ሚሎሽ እንግዳ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ሚሎሽ!» የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት ተሰማ። ወይዘሮ አባይነሽ ናት። «ና እስቲ ልጄ፣ ጨዉን ቅመስልኝ።»

ስንዱ በቄጠማው መሃል ቀጥ አለች። እናቷ እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ እንግዳ ደግሞ ወጥ ቤቷን ረግጦ አያውቅም። ስንዱ በሩ ላይ ስትደርስ ሚሎሽ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ማንኪያውን ተቀብሏል። ቀመሰ። አሰበ። ከዚያ፣ እንግዳ ፈጽሞ የማይለውን ነገር በራሱ አማርኛ አለ።

«ጨው... ጎድሏል።»

ወይዘሮ አባይነሽ ጨው ጨመረች፣ አማሰለች፣ እንደገና አቀመሰችው። አሁን ልክ ነው። ሚሎሽ ማንኪያውን በሁለት እጁ መለሰላትና፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተማራትን ያቺን ቃል አላት።

«አመሰግናለሁ፣ እማማ።»

«እዩልኝ እንግዲህ!» አለች ወይዘሮ አባይነሽ ወደ ልጇ ዞራ፣ ሳቋን በነጠላዋ እየሸፈነች። «ወጤን ጨው የለውም ብሎ ሲያበቃ ያመሰግነኛል!»