የለም የተባለው ልጅ

ይህን ታሪክ አንብባችሁ ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ። ለማሳመን ብዬ አልምልላችሁም። የማወራላችሁ የጎረቤታችንን የገበያነሽን ጉድ ነው፤ መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጊዜው ሐምሌ 1979 ዓ.ም. ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወስደው አቀበት ላይ ያለው ሰፈራችን።

ሌሊት አልነበረም። ከእንጦጦ የወረደ ጉም ነበር እንጂ ጨለማም አልነበረም...

የገበያነሽ ባል አድነው ለትምህርት ኪየቭ የተላከ የግብርና ተማሪ ነበር። በ1978 ሚያዝያ፣ በዚያ በኩል ያለው የኒውክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ፣ እሱና ጓደኞቹ ብዙም የማይርቅ እርሻ ላይ ድንች እየተከሉ ነበር። ማንም ምንም አልነገራቸውም። ዝናብ ዘነበባቸው፤ እነሱም ልብሳቸውን ጨምቀው መትከላቸውን ቀጠሉ።

መስከረም ላይ አገሩ ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ድዱ መድማት ጀመረ። ማንም ሳይነካው ገላው ይበልዛል። ያ ዘሎ የማይጠግብ ሰውዬ ከአልጋው እስከ በሩ መሄድ አቃተው።

ገበያነሽ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ሆስፒታል ሄደች፤ "ደም ማነስ ነው፣ ጉበት አብዪው" አሏት። የትኛው ጉበት፣ በየት በኩል? ወደ ውጭ የላከው መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ጥበቃው ከበር መለሳት። በመጨረሻ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዱጉማ ዘንድ ቀረበች። እሱም በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገራት።

"እህቴ፣ የወዳጅ አገር ስም አታጥፊ። አደጋ የለም።"

"ባሌ እየሞተብኝ ነው እኮ፣ ጓድ።"

"አደጋ ከሌለ ተጎጂ የለም። ተጎጂ ከሌለ ድጋፍ የለም። በቃ!"

እንግዲህ ዘመኑ የ"የለም" ዘመን ነበር። ዘይት የለም፣ ስኳር የለም፣ አደጋም የለም። የሰው ልጅ ድዱ እየደማ የለም ይባላል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ገበያነሽ ደግሞ እርጉዝ ነበረች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ግን ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ነው የምትወጣው፤ እርግዝና ለባዳ አይነገርም፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው። እናቴ አበራሽ በዚያ ላይ ሌላ ፍርሃት ጨመረችባት።

"ከዚያ አገር የመጣ ሰው ሚስት ካረገዘች፣ ሐኪሞቹ ያስወርዷታል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ተባለ። ማንም ቢጠይቅሽ፣ እርጉዝ አይደለሁም በይ። ሰማሽ?"

ሰማች።

ያን የሐምሌ ቀን አድነው ጓዳ ተኝቷል። ገበያነሽ ሾርባ እያማሰለችለት ነበር።

በሩ ተንኳኳ... አንዴ ብቻ።

ስትከፍት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ቆማለች። ፈገግታ የላትም። ቁጣም የላትም።

"ከድጋፍ ነው የመጣሁት" አለች ሴትየዋ።

"የምን ድጋፍ?"

"አደጋው ለነካቸው ቤተሰቦች።"

ገበያነሽ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። ስንት ወር ተንከራትታ፣ ዛሬ ገና አንድ ሰው "አደጋው" አለላት! እጇን ይዛ አስገባቻት።

እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ክረምት ነው ብላ አለፈችው።

ውጭ ዶፍ ይወርዳል፤ የሰፈራችን ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። የሴትየዋ ጫማ ግን... ደረቅ ነው።

ጎረቤት ያሉት ሸማኔዎች ቀኑን ሙሉ መወርወሪያቸው ሲንኳኳ ይውላል። ሴትየዋ እግሯን እንዳስገባች ድምፁ ቀጥ አለ።

ደግሞ ትጠይቃለች እንጂ አትጽፍም። ሳይጽፍ የሚጠይቅ የመንግሥት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከኪሷ ጨረር መለኪያ የሚመስል ትንሽ ሣጥን አወጣች። ጓዳ ገብታ ወደ አድነው ደረት አስጠጋችው።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

"እሱ አልቋል" አለች በሹክሹክታ። እሱ ዓይኑን ገልጦ እየሰማት ነበር።

ከዚያ ሣጥኑን ወደ ገበያነሽ አዞረችው። ከትከሻዋ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ታች አወረደችው። ሆዷ ጋ ሲደርስ...

ጠቅጠቅጠቅጠቅጠቅ...

"ልጅ አለ?"

ገበያነሽ ነጠላዋን ሰበሰበች።

"ለልጅ ድጋፍ አለ" አለች ሴትየዋ። "ወተት አለ። ሐኪም አለ። ካለ፣ አለ በይ።"

ገበያነሽ መናገር ፈለገች። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእናቴ ወሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ሣጥኑን አየች፣ ነጩን ጋዋን አየች፤ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብላ ፈራች።

"የ... የለም።"

"ልጅ የለም?"

"የለም አልኩሽ!"

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"የለም ካልሽ... የለም።"

ሣጥኑ ዝም አለ። ሴትየዋም ወጥታ ሄደች።

ያን ምሽት ገበያነሽ ሰውነቷ ቀለላት። ድካም ነው ብላ ተኛች።

ጠዋት ነጠላዋን ስትገልጥ ሆዷ ልጥፍ ብሏል። ደም የለም። ሕመም የለም። አልጋው ላይ ምንም የለም።

በባዶ እግሯ እየሮጠች እኛ ቤት መጣች። እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር።

"አበራሽ! ልጄ! ልጄን!"

"የምን ልጅ?" አለች እናቴ።

"የሆዴ ነዋ! ደብቂ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

እናቴ እጇን አድርቃ ግንባሯን ዳሰሰቻት። "የኔ እህት... በሽተኛ ማስታመሙ ነው ያደከመሽ።"

አድነውን ጠየቀችው። ተንጠራርቶ ጉንጯን ነካትና፣ "እኛ መቼ ልጅ ነበረን፣ ገቢዬ?" አላት። ጤና ጣቢያ ሄደች። አዋላጇ ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ አየችና አርግዘሽ አታውቂም አለቻት።

እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ... እኔም እርጉዝ ሆና አላስታውሳትም። በየቀኑ አገኛት ነበር፤ ስንት ጊዜ ውሃ አብረን ቀድተናል። ስለ እርግዝናዋ የጻፍኩላችሁ ሁሉ እሷ የነገረችን ነው።

ቀበሌ ሄዳ ጮኸች። "ልጅ አለኝ! የለም ያልኩት ፈርቼ ነው! ያችን የላካችኋትን ሴት ጥሩልኝ!"

"ማንን ላክን?" አለ ጓድ ዱጉማ። "ለሌለ አደጋ ድጋፍ የሚልክ ማነው?"

በሳምንቱ ጡቷ ወተት ያዘ። ቀሚሷ ከፊት ለፊት እየራሰ መንገድ ላይ ትሄዳለች። ሴቶቹ እያዩ አላየንም ይላሉ። ሌሊት ሌሊት ጡቷን እያለበች ስታለቅስ በግድግዳው በኩል እንሰማታለን።

አድነው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሞተ። በደም ማነስ ነው ተባለ። ጓድ ዱጉማ ቀብሩ ላይ ንግግር አደረገ፤ ስለ ወዳጅነት።

በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። እኔ ከገበያነሽ ጎን ነኝ። ማንም የማያውቃቸው አንዲት አሮጊት እያለቀሱ ገቡ። ከሩቅ የመጡ ዘመድ መሰሉን፤ ቦታ ለቀቅንላቸው።

አሮጊቷ ገበያነሽ ፊት ደረሱ። ጉንጯን ይስማሉ ስንል ጎንበስ አሉ... ወደ ጭኗ። ባዶ ቦታ ላይ ሳሙ። ግራና ቀኝ።

"ቁርጥ አባቱን" አሉ። "እሰይ ልጄ፣ እሱ እንኳን ተረፈልሽ።"

ለቅሶው ቆመ።

ገበያነሽ ጭኗን አየች። ሁላችንም አየን። ጥቁር ቀሚሷ ብቻ ነው ያለው።

እጆቿ ቀስ ብለው ተነሱ። ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቀፉ።

"አለ" አለች በሹክሹክታ። "አለ... አለኝ። ሰማችሁ? አለ!"

እናቴ ልትይዛት ብድግ አለች። ግን መሐል ላይ ደርቃ ቀረች።

ገበያነሽ ጡቷን አወጣች። ወተቱ ጠብ አለ...

ጠብ...

ጠብ...

ከእሷ አንድ ክንድ እንኳ አልርቅም ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት።

አንዱም ጠብታ ቀሚሷ ላይ አላረፈም።