ሦስት ጊዜ ጠራኋት

ጮሌ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤታቸው ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው። ታች የስፌት መኪናዎቹ ሲነሡ ላይ አልጋዋ ይንቀጠቀጣል። ጮሌ የሚለውን ስም ያወጡላት ሰፊዎቹ ናቸው። ምስጋና ነው ወይስ ስድብ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሁለቱም ነው። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ፈጣን፣ ሰበብ ለመፍጠር ደግሞ የሚቀድማት የለም።

ይህን ታሪክ ስናገር እናደዳለሁ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ ላይ አይደለም። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እግርህን ከወንበሩ አውርድና ስማ።

አንድ ቅዳሜ አባቷ አንዲት ሰፊ ሊቀጥር ፈለገ። ብዙ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ታዞ ነበር፤ አንድ መኪና ደግሞ ያለ ሰው ቆሟል። ስድስት ሴቶች መጡ። ጮሌ በሩ ላይ ተቀምጣ ስማቸውንና አድራሻቸውን በደብተር መዘገበች፤ ለእያንዳንዷም ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጠች። የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። አባቷ ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ ይፈትናል። ፈተናው ሸሚዝ ላይ ኮሌታ መግጠም ነው። ተራዋ የደረሰ ሴት ከበሩ ላይ በቁጥሯ ትጠራለች። ሦስት ጊዜ ተጠርታ ያልቀረበች ታልፋለች።

አራተኛዋ ሴት ስትመጣ አልተናገረችም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈች። «መስማት አልችልም። ተራዬ ሲደርስ በእጅሽ ጥሪኝ።» ጮሌ አነበበችው። እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋም ፈገግ ብላ ሄዳ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የተቀመጡት ሴቶች ተጠቃቀሱና «ዱዳ ናት» ተባባሉ። እኔ እንደዚያ አልላትም፤ እናንተም እንዳትሉ። ሴትየዋ ሙያ አላት። ልብስ ሰፊዋ እላታለሁ።

ቁጥር አምስት ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቂታዋ ይላታል። ሳቂታዋ የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች አየችው። ልብስ ሰፊዋ ራሷ የሰፋችው ነው፤ አንድ ዝንፍ ያለ ስፌት የለበትም። ያን ቀን ሳቂታዋ አልሳቀችም። ጮሌን ጎተት አድርጋ ወደ ደረጃው ወሰደቻት።

«ያቺ ሴት ከተፈተነች እኔ አለቀልኝ» አለቻት።

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። እንደ ሌሎቹ ከበሩ ላይ ጥሪያት።»

«አትሰማም እኮ።»

«እሱ የራሷ ጉዳይ ነው። አንቺ ጠርተሻል፤ ምኑ ነው ውሸቱ? እኔ ከገባሁ በየሳምንቱ ፀጉርሽን እሠራልሻለሁ። የፈለግሽውን ዓይነት።»

የጮሌ እናት ሌላ ከተማ ነርስ ናት፤ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። አባቷ ደግሞ ኮሌታ እንጂ ፀጉር አያውቅም። ትምህርት ቤት ልጆቹ «ዛሬም ትራስሽ ነው ያበጠረሽ?» እያሉ ይስቁባታል። እንግዲህ ፈተና ማለት ይህ ነው፣ ልጆች። ሰይጣን ቀንድ አብቅሎ አይመጣም። ፀጉርሽን ልሥራልሽ ብሎ ነው የሚመጣው።

ቁጥር ሦስት ጨርሳ ወጣች። ጮሌ በሩ ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም። ጮሌ ወረቀቶቹን የምታስተካክል መስላ ጠበቀች። ሴትየዋ የጫማዋን ማሰሪያ ልታጠብቅ ጎንበስ ስትል «ቁጥር አራት፣ ቁጥር አራት፣ ቁጥር አራት» አለች፤ በአንድ ትንፋሽ።

ሌላም ነገር አለ። አጠገቧ የተቀመጠችው ቁጥር ስድስት ሰምታለች። ክርኗን ነካ ብታደርጋት ምን ነበረበት? ዝም አለች። አንድ ሰው ቢቀነስ ለእሷም ይሻላታላ።

ጮሌ ወደ ውስጥ ገብታ «ቁጥር አራት አልቀረበችም» አለች።

«ሦስት ጊዜ ጠራሻት?» አላት አባቷ።

«ሦስት ጊዜ ጠራኋት።»

«እሺ፣ ቀጣይዋን።»

ሳቂታዋ ተነሥታ ስትገባ ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ ወረቀቷን አሳየች። ጮሌ በእጇ «ቆይ» አለቻት። አያችሁ? አሁን እጇን ማንሣት ቻለች።

ቁጥር ስድስትም ተፈተነች፤ የተቀጠረችው ግን ሳቂታዋ ናት። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ቀረች። ቆይታ መጣችና ደብተሩ ላይ ጻፈች። «ጠርታችሁኝ ነበር?» ጮሌ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ሴትየዋ ቁራጭ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ጮሌ ያን ቀን የሰው እንጀራ ዘጋች፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቢሮው ውስጥ ስልክ ይጮሃል። አነሣችው፤ አባቷን የሚፈልግ ደንበኛ ነው። ወደ ስፌት ክፍሉ ሮጣ ገባች። አሥራ ሁለት መኪና በአንድ ላይ ይሠራል። «አባባ» አለች። ጎንበስ ብሎ ጨርቅ ይለካል፤ ቀና አላለም። «አባባ» አለች ደግማ። አልሰማም። ሦስተኛ ጮኸች፤ ምንም። ሄዳ ትከሻውን ስትነካው ነው ዘወር ያለው። ወደ ስልኩ ሲሄድ ደግሞ ሳቂታዋን የሆነ ነገር ሊያዝዛት ፈለገ። አልጠራትም። ጠረጴዛዋን በጣቱ መታ መታ አደረገና በእጁ አሳያት።

ጮሌ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ዘመኗን ሁሉ እዚያ ክፍል ስትገባ ስትወጣ ኖራለች፤ እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም በድምፅ እንደማይጠራ ግን ልብ ብላ አታውቅም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ይሰማል? ማንም አይሰማም። ጆሮ ሥራ በማይሠራበት ቤት፣ አትሰማም ተብላ ከበር ተመለሰች።

ማታ ራት ሲቀርብ ጮሌ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው፤ የፀጉሩንም ጭምር። አባቷ ደብተሩን አስመጣና በጠርዙ ላይ የተጻፈውን አነበበ። የራት ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«አባባ፣ ተቆጣኝ» አለችው።

«አንቺን እቆጣሻለሁ። እኔንስ ማን ይቆጣኝ? በጩኸት ብቻ የሚጠራ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አድራሻዋ እዚህ አለ። ነገ ሄደሽ ያደረግሽውን ራስሽ ትነግሪያታለሽ።»

«አብረኸኝ አትመጣም?»

«እስከ በሩ እመጣለሁ።»

በማግስቱ በሩን የከፈተችው የልብስ ሰፊዋ ትንሽ ልጅ ናት። እናቷን እጇን ይዛ አመጣቻት። ጮሌ ከቤት ጽፋ ያመጣችውን ወረቀት ለእናትየዋ ሰጠቻት። «እትዬ፣ እንደማይሰሙ እያወቅሁ፣ ጎንበስ ሲሉ ጠብቄ ጠራሁዎት። ለአባቴም አልቀረበችም አልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ ቀላ። ጮሌ እንደምታቅፋት ጠብቃ ነበር፤ አላቀፈቻትም። ለምን ታቅፋታለች? ወረቀቱን ገልብጣ ጻፈች። «ከእናንተ በፊት አራት ቦታ ሄጃለሁ። አራቱም ጠርተን አጣንሽ ብለውኛል። በጣም ተናድጃለሁ። ይቅርታሽን ወስጃለሁ፤ የምፈልገው ግን ፈተናዬን ነው።»

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አነበበና ከስሩ «ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይምጡ» ብሎ ጻፈ።

ጠዋት ሳቂታዋ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች። «እኔ ተቀጥሬያለሁ፤ ደግሞ የምን ፈተና ነው?»

«የተቀጠርሽው የእሷን ተራ ወስደሽ ነው» አላት አባቷ። «አሁን እኩል ተቀመጡ።»

ሁለቱም አንድ አንድ ሸሚዝ ተሰጣቸው። ሲጨርሱ አባቷ ኮሌታዎቹን አጥፎ ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸው። የልብስ ሰፊዋ ልክ ገጠመ። የሳቂታዋ አንዱ ጫፍ ከሌላው ረዘመ። ሸሚዞቹን ሳቂታዋ ፊት አስቀመጣቸው። እሷም ሰፊ ናትና አይታ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ያለ ሰው ቆሞ የነበረው መኪና ለልብስ ሰፊዋ ሆነ።

እዚህ ላይ «ጎበዝ ስለነበረች ተገባት» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ተሳስታችኋል። ኮሌታው ቢጣመምባት ኖሮም መፈተኗ ይገባት ነበር። ሰው ከተሸነፈ በሥራው ይሸነፍ እንጂ በር ላይ አይሸነፍም።

ሳቂታዋ ከዚያ ወዲህ ጮሌን ሰላም አትላትም። ፀጉሯንም የሚሠራላት የለም፤ በራሷ እጅ እየታገለች ትለማመዳለች። ትምህርት ቤት አሁንም ይስቁባታል።

ሁለቱ ሴቶች የተፈተኑ ዕለት ማታ ጮሌ ከመተኛቷ በፊት ተንበርክካ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ አለችው። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ይቅር ብሎኛል፣ አባባ?»

«ከልብሽ ከሆነ ይቅር ይልሻል» አላት። «እኔ የማስበው ስለ ሌሎቹ አራት ቦታዎች ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጠርቷታል። አንዳቸውም ተመልሰው ወደ እሷ አልመጡም።»

ልጆቼ፣ እያንዳንዱን ሰው እግዚአብሔር በፈጠረው ልክ፣ እሱ ሊያውቀው በሚችለው መንገድ መጥራት ግዴታችን ነው፤ እንደማይሰማ እያወቁ ጠርቶ «አልመጣም» ማለት ስርቆት ነው።